ሆድ ይፍጀው እስከ መቼ?

በዚህ ግቢ ውስጥ ለአንድ ተማሪ መርዶ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ጎሕ ሳይቀድ ጓደኞቹ ይሰበሰባሉ፤ የአገሩ ልጅ ይፈለጋል፤ ቀስ ብለው ያረዱታል። ሲያለቅስ አብረውት ያለቅሳሉ። ከየኪሱም ሳንቲም ይዋጣና የመሳፈሪያው ይሞላለታል፤ ሁለት ልጆች እስከ መናኸሪያ ይሸኙታል። ይህን የሚያዝዝ አንቀጽ በተማሪዎች መመሪያ ውስጥ የለም። ከየእናት ከየአባታችን ቤት ይዘነው የመጣነው ነው።

እስቲ ደግሞ ሌላውን እንመልከት። ማንም ሳይሞትበት እንቅልፍ ያጣ ልጅ አለ። ምግብ ቤት መሄድ ትቷል። ክፍል ሲገባ ከኋላ ይቀመጣል፤ ውሎ አድሮ መግባቱንም ይተዋል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። እኛስ ምን እናደርጋለን? «ተዉት፤ ኩራተኛ ነው» እንላለን። ትንሽ የሚያዝን ሰው ካለም «አይዞህ፤ ወንድ አይደለህ እንዴ?» ብሎት ያልፋል። ለሞት ሥርዓት አለን፤ አስከሬን ለሌለው ሐዘን ግን ሥርዓት የለንም።

በያዝነው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ከሕንፃችን አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ፍራሹን ጠቅልሎ፥ ብርድ ልብሱን አጥፎ፥ ለማንም ሳይናገር ሄደ። በክፍሉ የሚተኙት ስድስት ልጆች ሦስት ቀን ሙሉ የት ገባ አላሉም። በአራተኛው ቀን የጠየቀው ፕሮክተሩ ነው፤ እርሱም የጠየቀው የሎከሩን ቁልፍ ነበር። ልጁ እቤቱ በሰላም መግባቱን በኋላ ስንሰማ ደስ አለን። ከእኛ አንዱ ስልክ ደውሎ ምነው ቢለው የመለሰው ቃል ግን ደስታችንን አጠፋው፤ «የምትጠሉኝ መስሎኝ ነበር» አለ። ማንም አልጠላውም ነበር። ማንም አላናገረውም ነበር እንጂ።

ይህን ጽሑፍ ለማኅበራችን ጋዜጣ ለማቅረብ ያነሣሣን ይህ ባዶ አልጋ ነው። ነገር ግን ባዶ አልጋ አይተን ብቻ አይደለም የምንናገረው። ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ሆነን ለተግባር ልምምድ ወደ ጋምቤላ ክልል፥ አቦቦ ወረዳ፥ አልዌሮ ግድብ አጠገብ ተልከን ሁለት ወር ቆይተናል። እዚያ ያገኘነውን ለእናንተ ለጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን መንገር ግዴታችን ይመስለናል።

አልዌሮን ለማያውቁት ጥቂት እንበል። ግድቡ የሚገኘው ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ነው። የተሠራው በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲሆን የታሰበውም 10,000 ሄክታር የሚሆን እርሻ እንዲያጠጣ ነበር። ሆኖም ለብዙ ዓመታት ውኃው ታቁሮ ዓሣ ከማርባት በቀር ለታቀደለት እርሻ ሳይውል ኖረ። በኋላ ሳዑዲ ስታር የተባለው ኩባንያ ሩዝ ለማምረት 10,000 ሄክታር ያህል መሬት በኪራይ ያዘ፤ ሚያዝያ 20 ቀን 2004 ዓ.ም. በኩባንያው ካምፕ ላይ በደረሰ ጥቃት ቢያንስ 5 ሰዎች ተገደሉ። በአካባቢው የጥንት ነዋሪዎቹ አኙዋዎች አሉ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፥ ከትግራይ፥ ከከምባታና ከሌላም ቦታ የመጡ ሰፋሪዎችም አሉ፤ መንደሮቻቸው እስከ ዛሬ የሚጠሩት በቁጥር ነው። ሰው የሚኖርበት ቦታ በቁጥር ሲጠራ መስማት መጀመሪያ ላይ ጆሮአችንን ኮርኩሮት ነበር፤ በኋላ ለመድነው።

ተማሪ ወደዚያ ምድር ሲላክ እኛ የመጀመሪያዎቹ አልነበርንም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርስቲ አገልግሎት ሲጀመር የዚያ ዘመን ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ በየጠቅላይ ግዛቱ ሊያስተምሩ ይወጡ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወርደዋል። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ለሰፋሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ የዩኒቨርስቲ ሰዎች ወደ ጋምቤላ ተልከው ነበር። የእነዚያ ዘማቾች ፖለቲካ ብዙ ተጽፎለታል። ማታ ማታ በየጎጆው ተቀምጠው እርስ በርሳቸው ምን ይባባሉ እንደነበር ግን ብዙም አልተጻፈም፤ እኛ የቀናነው በዚህኛው ነው።

የተሰጠን ቤት ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ አምስት ወንዶች በአንዱ፥ አራት ሴቶች በሌላው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ማንሣት ያሳፍረናል። በጄሪካን ውኃ ተጣላን። በጎበር ተጣላን። ሁለታችንን ወባ ሲይዘን የአስታማሚነቱን ተራ በተመለከተ እንኳን ተጣላን። በምን ቋንቋ እናውራ በሚለውም ነገር ፊት ለፊት ባንናገርም በሆዳችን ተቀያየምን። ስልክ ቢሠራ ኖሮ እያንዳንዳችን በየስልካችን ተደብቀን ሁለቱን ወር እንጨርስ ነበር። አልሠራም። ቤቱም ማታ እንደ ምጣድ ስለሚግል ወደ ግድቡ ወጥተን ክትሩ ላይ መቀመጥ ግድ ሆነብን።

ከሰፋሪ መንደሮች በአንዱ የሚኖሩ አንድ የወሎ አዛውንት በዚያ በኩል ሲያልፉ ያገኙንና እረፍት ያደርጉ ነበር። አንድ ማታ ከእኛ አንዷ «አባባ፥ መጀመሪያ ስትመጡ እንዴት ቻላችሁት?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ልጄ፥ አልቻልነውም» አሉ። «ወባው ይጨርሰን ነበር። ከከምባታ የመጣውን ሰው ቋንቋውን አላውቅም፤ እርሱም የእኔን አያውቅም። ግን የሚቀብረን ሰው ስላልነበረ እድር አቆምን። ቀብሩ ሲቀንስ እድሩ አልቀረም። ሰው ሲከፋው መጥቶ የሚቀመጥበት ቤት ሆነ።» ይህን ብለው ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። እኛ ዝም ብለን ቀረን።

የመጀመሪያውን ነገር የተናገረችው ከሰሜን ወሎ የመጣችው እኅታችን ነበረች። በ2013 ክረምት ጦርነቱ አገራቸው ሲገባ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ይዛ በእግር ወደ ደሴ መሄዷን፥ ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ ልቧ እንደሚመታ ነገረችን። ፈተና ክፍል ውስጥ ወንበር ሲንኳኳም እንዲሁ ነው፤ ውጤቷ የወደቀው በዚህ ነበር። ሦስት ዓመት አብረናት ስንማር ሰነፍ ናት እንል ነበር።

ከዚያ በኋላ በየማታው አንድ ሰው ተናገረ። በአራተኛው ማታ የተናገረው የኑዌር ዞን ልጅ የሆነው ወንድማችን ነው። እርሱ በግቢያችን ሳለ «ስደተኛ ነህ?» ተብሎ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ መቁጠር ትቶ ነበር፤ በገዛ አገሩ ማለት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ የኑዌር መንደሮች ላይ ባደረሱት ወረራ ከ200 በላይ ሰው መገደሉንና ከ100 በላይ ሕፃናት መወሰዳቸውን በጊዜው በዜና ሰምተን ነበር፤ ሰምተንም ረስተናል። ከተወሰዱት ሕፃናት አንዷ የእርሱ ታናሽ እኅት ናት። «ዛሬ ስንት ዓመቷ እንደሆነ በየቀኑ እቆጥራለሁ» አለን። ለዚህ ምን ዓይነት መልስ ይሰጣል? ማናችንም አልመለስንም። ከአኙዋ ወገን የሆነችው ጓደኛችን ግን ተነሥታ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። የእርሷም ቤተሰብ ከታኅሣሥ 1996ቱ የጋምቤላ እልቂት ሰው የጎደለበት መሆኑን ያወቅነው በሌላ ቀን ነው። የሁለቱ ሕዝቦች ስም አብሮ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ለግጭት ዜና መሆኑን ለምታውቁ፥ ያን ማታ ያየነውን መግለጽ አያስፈልገንም።

ነገሩ ሁሉ ግን ማርና ወተት አልነበረም። ከእኛ አንዱ፥ በክፋት ሳይሆን በወሬ ፍቅር፥ ክትሩ ላይ የሰማውን ለግቢ ጓደኛው ነገረ። ወሬው ዞሮ ተመልሶ ባለቤቷ ጆሮ ደረሰ። ከዚያ ሰባት ቀን ማንም ወደ ግድቡ አልወጣም። ተናጋሪው በሁላችን ፊት ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲያ ነው ደንብ ያወጣነው። ደንቡም አጭር ነው፤ እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል፤ ያልፈለገ አይናገርም፤ ሳይጠየቅ ምክር የሚሰጥ የለም፤ የሰውን ሐዘን ከራሱ ጋር ያወዳደረ ሻይ ይከፍላል። በመጨረሻው ደንብ ብዙ ሻይ ጠጥተናል።

ሁለተኛው ጥፋታችን ከዚህ የከበደ ነው። ከመካከላችን አንዱ ለሳምንታት እንቅልፍ አጥቶ መኖር እንዳስጠላው መናገር ጀመረ። እኛ በራሳችን ክብ ተመክተን «አብረነው እንቀመጥ፤ ይበቃዋል» አልን። እንዲህ ስንል ሦስት ቀን አለፈ። ሊጎበኘን የመጣ መምህር ነገሩን ሲሰማ ከአፋችን አስጥሎን በዚያው ቀን በመኪናው ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል ወሰደው። ወንድማችን ታክሞ ዛሬ ከእኛ ጋር ይማራል፤ ይህን እንድንጽፍም ፈቅዶልናል። ሦስቱን ቀናት ግን አንረሳቸውም። እኩያ ሐኪም አይደለም። መሞትን ያነሣ ጓደኛ ሲኖር ብቻውን ሳይተዉ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና መውሰድ እንጂ ተራ ይዞ ማውራት አይገባም።

ከተመለስን በኋላ ያደረግነውን ነገር ሌላው ዓለም ምን ይለዋል ብለን ቤተ መጻሕፍት ገባን። የቡድን ሕክምና የሚባለው ነገር የተጀመረው በአእምሮ ሐኪም እንኳ አልነበረም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1905 በአሜሪካን አገር በቦስተን ከተማ ጆሴፍ ፕራት የተባለ ሐኪም ለድሆች የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በየሳምንቱ የሚሰበሰቡበት ክፍል ከፈተ። ያሰበው ንጽሕናና ዕረፍት ሊያስተምራቸው ነበር፤ ሕሙማኑ ግን እርስ በርስ በመተያየታቸው መጽናናታቸውን አየ። ከብዙ ዓመት በኋላ ስሙም ጥናቱም መጣ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የዩጋንዳው ነው። በ2003 በታተመ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ 30 የገጠር መንደሮች ውስጥ በድባቴ የተያዙ ሰዎች፥ ወንዱ ከወንድ ሴቷ ከሴት ጋር ሆነው፥ ለ16 ሳምንታት በሳምንት አንድ ጊዜ እየተሰበሰቡ እንዲነጋገሩ ተደረገ። የመሯቸው ሐኪሞች አልነበሩም፤ ሁለት ሳምንት የሠለጠኑ የአገሩ ሰዎች ነበሩ። በመጀመሪያ ከተሰብሳቢዎቹ 86 ከመቶው የድባቴ ሕመም ምልክት የተሟላባቸው ሲሆኑ በመጨረሻ 6.5 ከመቶ ብቻ ቀሩ። ሳይሰበሰቡ በቀሩት ዘንድ ቁጥሩ ከ94 ወደ 54.7 ነው የወረደው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ይህንኑ አሠራር በመጽሐፍ አውጥቶ ለየአገሩ አቅርቦታል። በዚምባብዌም ከ2006 ጀምሮ በሐራሬ ጤና ጣቢያዎች አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ አያቶች ጭንቀት ያለበትን ሰው እያዳመጡ ይመክራሉ፤ ከእነርሱ ዘንድ ያለፉትም እርስ በርስ የሚገናኙበት ክብ አላቸው። አያት ለምክር ማስቀመጥ ለኛ አገር ሰው አዲስ ነገር ነው ብሎ የሚከራከረን ያለ አይመስለንም።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። ኤድስ ስሙ እንኳ በሹክሹክታ በሚጠራበት ዘመን መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉ ማኅበራትን ያቋቋሙት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። መድኃኒቱ ገና ባልተዳረሰበት ወቅት እነዚህ ሰዎች ለየብቻቸው ከተደበቁበት ቤት ወጥተው እርስ በርስ ተያዩ። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት የቫይረሱ ስርጭት ከሁሉም ክልል የከፋው በጋምቤላ ነበር፤ 6.5 ከመቶ። ያን ያህል የሚፈራውን ነገር በክብ ተቀምጦ መናገር ከተቻለ፥ እንቅልፍ አጣሁ፥ ከፋኝ፥ ፈራሁ ማለት የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቻችን ስናካፍል ካገኘናቸው ተቃውሞዎች የምናከብራቸው አሉ። አንዱ ያለን «ሌላ አንድ ለአምስት ልታመጡብን ነው?» የሚል ነው። ጓደኛውን እየጠረነፈ፥ ማን ምን አለ እየጻፈ የሚያስተላልፍ አደረጃጀት በየዩኒቨርስቲው ያየ ትውልድ ክብ ባየ ቁጥር ቢሸሽ አይፈረድበትም። ስለዚህ እኛ የምንለው ክብ መዝገብ የለውም፤ ቃለ ጉባኤ የለውም፤ ለማንም ሪፖርት አያቀርብም። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲሰማ ብቻ ለሐኪም ይነገራል፤ ይህም ለሁሉም አስቀድሞ ይገለጻል።

ሌላው ጥያቄ የብሔር ነው። እያንዳንዱ ከአገሩ ልጅ ጋር ተሰብስቦ የራሱን ቁስል ብቻ ሲያክክ ቢውልስ? በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርስቲው የደረሰውን፥ በወልድያ የጠፋውን የተማሪ ሕይወት፥ ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ተማሪ ስናስብ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የእኛ ዘጠኝ ሰዎች ክብ የተዋጣለት ይመስለናል፤ ይህም የሆነው እኛ ጎበዝ ስለሆንን ሳይሆን የመረጠን ስላልነበረ ነው፤ የመደበን ጽሕፈት ቤት ነው። በመሆኑም አባላቱ በዕጣ ቢደለደሉ ይሻላል እንላለን። በራሱ ቋንቋ ካልሆነ ልቡን መናገር የማይችል ሰው ግን አለ። ለዚህ ከመካከላችን ስምምነት ላይ አልደረስንም፤ ገና እንከራከርበታለን።

«ጸሎት አለ፤ ጠበል አለ፤ መስጊድ አለ» ለሚሉን ወንድሞችና እኅቶች መልሳችን አጭር ነው። ማንም ከዚያ አይከለከልም፤ ከእኛ ብዙዎቹ እንሄዳለን። ከጠበል ተመልሶ የሚተኛው ግን እዚሁ ዶርሚቶሪ ነው።

አንዳንድ ቆራጥ ጓደኞቻችን ደግሞ «የተማሪው ችግር የዳቦና የመብት ነው፤ ስሜትን ማስታመም የተማሪ ማኅበር ሥራ አይደለም» ብለውናል። ዳቦው እንዲሻሻል የተጻፈውን አቤቱታ እኛም ፈርመናል። ነገር ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ልጅ አቤቱታ አይፈርምም፤ ስብሰባም አይመጣም።

ከሁሉም የከበደን የአንዲት መምህራችን ማስጠንቀቂያ ነው። ሰው የደረሰበትን አደጋ በአንድ ስብሰባ ውስጥ ተገድዶ እንዲያወራ ማድረግ እንደማይጠቅም፥ አንዳንዱንም ሊጎዳ እንደሚችል ጥናቶች ማሳየታቸውን ነገረችን። ልክ ናት። እኛም ያየነው ይህንኑ ነው፤ የኑዌሩ ወንድማችን በመጀመሪያው ማታ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። ሦስት ማታ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ዝምታውንም ማንም አልነካበትም።

ስለ ምክር አገልግሎት ክፍሉም ሳንናገር አናልፍም። በግቢያችን አንድ አማካሪ አሉ፤ ደግ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ በራቸው ከሬጅስትራር ሰልፍ ፊት ለፊት ስለሆነ ገቢውን ሁሉ ሰልፈኛው ያየዋል። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር የሚያውቅ ሰው ያንን በር እዚያ ያስቀምጣል? ለብዙ አሥርት ዓመታት በመላ አገሪቱ አማኑኤል ብቻ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ በመቆየቱ፥ ለተራው ሰው የሆስፒታሉ ስም ራሱ ስድብ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። በዚህ ላይ በሩን አደባባይ ማድረግ አይገባም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ ኮሚቴና ለዲኑ ጽሕፈት ቤት የምናቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። አማካሪው ከስምንት እስከ አሥር ተማሪዎችን፥ ክብ የሚመሩትን፥ ለሁለት ሳምንታት ያሠልጥኑልን። መቼ ወደ ሐኪም መላክ እንዳለብን ያስተምሩን፤ በየወሩም ያገናኙን። በራቸውም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ይዛወር። ገንዘብ አልጠየቅንም።

ፈቃዱ እስኪመጣ ግን ሥልጠና የማይጠይቀውን ማድረግ እንችላለን። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን የድሮ መጋዘን ጠራርገናል። ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ቡና ይፈላል፤ የአልዌሮዎቹ ዘጠኛችንም እንገኛለን። የስም መመዝገቢያ አንለጥፍም። ወደ ቤቱ ለተመለሰው ልጅም ደውለን ነግረነዋል፤ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ተመልሶ ሊመዘገብ ያስባል፤ አልጋውንም ማንም እንዳይዝበት ለፕሮክተሩ አሳስበናል። ወንበሮቹ ሰባት ብቻ ስለሆኑ የሚመጣ ሰው ከክፍሉ አንድ በርጩማ ይዞ ቢመጣ መልካም ነው።